በቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ የምታጣጥረው እህቴ

ሰውየው ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለከልኝና እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

«እትዬ፣ አይደብቁኝ። ስንት ቀን ቀረኝ?»

ወረቀቱን አየሁት። «ኤፒስታክሲስ» ይላል።

«ነስር ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ነስር! አፍንጫህ ደምቷል፣ በቃ። ሲመጣብህ ጎንበስ ብለህ አፍንጫህን ቆንጠጥ አድርገህ ያዘው። ቀጣይ!»

ሰውየው ግን አይሄድም። ትናንት ልጆቹን ሰብስቦ እንደተናዘዘ፣ ሚስቱ ምን እንዳለችው፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ እንደነበርና ሊታረቅ እንዳሰበ ሊያወራኝ ፈለገ። «ወረቀቱን ብቻ!» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁበት። ክፉ ሆኜ አይደለም። ከኋላው ስልሳ ሰው ተሰልፏል፤ ስልሳውም ወሬ አለው።

ሥራዬ ይኼ ነው። ኤልዳና እባላለሁ፤ በደብረ ብርሃን የትንፋሽ ጽሕፈት ቤት በአራተኛው መስኮት የሕመም ስም ፈቺ ነኝ። ስሜን ሰምታችሁ አትሳቁ። እኔ በተወለድኩበት ዘመን የሰፈሩ ልጅ ግማሹ ኤልዳና ነበር። ዛሬ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ኤልዳናዎች ሁሉ ሸብተናል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ተሰማ፣ ወለላ፣ ድንበሩ ሆነዋል። አለቃዬ ተሰማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

አንገታችን ላይ ያለው ጥቁር ቀለበት በመንግሥት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ተኩል የሚፈጅ ስም አለው። ሕዝቡ ድሪ ይለዋል። ትንፋሻችንን ሌት ተቀን ያዳምጥና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውጤቱን ያወጣል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ፣ ከሥሩ ደግሞ የሕመሙ ስም፤ አስጊ ትንፋሽ ሲሰማ ያኔውኑ ቀይ ብልጭ ይላል። ዳቦ ሻጩ ዳቦ ከመስጠቱ በፊት አንገት ያያል፤ ቢጫ ከሆንክ ወደ ጎን ቁም ይልሃል። ሽማግሌ ሲላክ ከጥሎሽ በፊት የሦስት ወር የትንፋሽ ወረቀት ይጠየቃል። ልጆች ግቢ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው «አፕኒያ» ይጫወታሉ፤ ቀድሞ የተነፈሰ ይወጣል። ድንች ሻጯ ሳትቀር «ዛሬ ብሮንካሴን ዘጋ ዘጋ ብሎኛል» ትላለች። «ብርድ መታኝ» የሚል ሰው ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። ብርድ የሚባል በሽታ የለማ! ድሪው አያውቀውም፤ ድሪው የማያውቀውን ፋርማሲው አያውቀውም።

እኔ በበኩሌ ደስ ይለኝ ነበር። ወደዚህ መስኮት ከመምጣቴ በፊት በጤና ኮሌጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመተንፈሻ አካላትን ስያሜ አስተምሬአለሁ። ከአፍንጫ ተነስቼ በላንቃ፣ በማንቁርት፣ በአየር ቧንቧ፣ በሳንባ ቱቦው በብሮንካስ አድርጌ እስከ መጨረሻዋ የሳንባ ከረጢት ድረስ ሳልደናቀፍ እወርዳለሁ። ነገር በስሙ ሲጠራ ግማሹ ይድናል ብዬ አምን ነበር። የራሴም ድሪ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ አረንጓዴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቢጫ ሆኖ አያውቅም። ሳንባዬ ጠንካራ ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ።

ቀይ ግን ቀልድ አይደለም። ሦስት ሳምንት በተከታታይ የቀላ ሰው ይወርዳል። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በተሠራለት ሰፈር ይቀመጣል። ምክንያቱ ደግ ነው፤ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቆላው ላይ ወፍራም ነው፣ ለደካማ ሳንባ ይሻላል። የወረደ ሰው ግን ተመልሶ አይወጣም። ዋሻው አፍ ላይ ድሪው ይጮህበታል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከነስሩ ሰውዬ በኋላ ያለውን ወረቀት ሳነሳ የእህቴን ስም አየሁ።

ሀሴት። ዕድሜ ስድሳ ሦስት። ቀይ። ሦስተኛ ሳምንት። ከሥሩ «አጎናል ጋስፕ፣ የማጣጣር ትንፋሽ፣ በቀን በአማካይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ቃል ላይገባው ይችላል። እኔ ግን ተማሪ ፊት ቆሜ አብራርቼዋለሁ። ልብ ከቆመ በኋላ፣ ነፍስ ልትወጣ ስትል፣ ሰውነት አየር ለመያዝ የሚስበው የመጨረሻ ትንፋሽ ነው። ሰው በዕድሜው አንዴ ነው የሚያጣጥረው፤ እህቴ በቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ታጣጥራለች። መስኮቱን ዘግቼ ተሰላፊው እየጮኸብኝ ወጣሁ።

ሀሴት ጠባሴ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደረጃውን እየሮጥኩ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ግድግዳ ተደገፍኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሀሴት ናት፤ በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክማ ትወጣለች።

«አንቺ፣ ምን ያስለከልክሻል?» አለችኝና አልፋኝ ወጣች።

«እታለም!» አልኩ ከኋላዋ። ታላቄ ስለሆነች ከልጅነቴ እንደዚያ ነው የምጠራት። «እታለም፣ እየሞትሽ ነው እኮ!»

«ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቱ!»

«አሃ፣ እሱን ነው» አለችና በሩን በክርኗ ከፈተች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታውቅ ኖራለች። «አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው። ይግባኝ አስገብቻለሁ፤ ዓርብ ይሰማል ብለውኛል። አሁን ዝም በይ፣ እንግዳ አለብኝ።»

ወይ ጉድ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይኼ ነው። እኔ የመንደሩን ነስር ስፈታ እህቴ ሊፈርዱባት ሦስት ቀን ቀርቷታል።

እንግዳዋ ወይዘሮ ማራማዊት ነበረች፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት። ሀሴት የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆነች በሷ ቤት ሰው አይጠፋም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሆዱን ዘርግፎ ይሄዳል። እኔ ጥግ ላይ ተቀመጥኩና የእህቴን አንገት አየሁ።

«ልጄ ስምንት ወሩ» አለች ማራማዊት፤ «ስምንት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።»

ሀሴት ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ድሪው ቀይ ብልጭ አለ።

«መርከብ ላይ ነው አሉኝ። መርከብ ላይ ስልክ የለም እንዴ?»

ሳብ። ቀይ።

«እኔ እኮ ምንም አልልም፣ አለሁ እማዬ ቢለኝ ይበቃኛል።»

ሳብ።

እናንተም ታውቋታላችሁ። ሰው ሲያወራን፣ «አዎ»፣ «ገባኝ»፣ «አለሁልሽ፣ ቀጥዪ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ያቺ አጭር ነገር። ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣናት። እህቴ አልታመመችም። ሰው እየሰማች ነው!

ደስታዬ ግን ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። ድሪው ይህችን ትንፋሽ ማጣጣር ነው ብሎ ከየት ተማረ? ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ከእኔ ነዋ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ድሪው ገና ሲታሰብ፣ ስያሜ የምናውቅ አሥራ ሁለት ሰዎች ተመርጠን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለአራት ወር ተቀምጠናል። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ፣ ፊታችን ስልሳ አራት የሕመም ስሞች። የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ማን ምን እንዳለው የለም። እኛ ስሙን እንመርጣለን። ይኼ ሳል ነው፣ ይኼ ሲርሲርታ ነው፣ ይኼ ማንኮራፋት ነው። በመካከሉ አጭር፣ ድንገተኛ፣ ወደ ውስጥ የተሳበች ትንፋሽ በብዛት ትመጣ ነበር። ከስልሳ አራቱ ስም የሚጠጋት አንድ ብቻ ነው። ነካሁት። እንደገና መጣች፣ እንደገና ነካሁት። «በደጋው ሕዝብ ላይ የማጣጣር ትንፋሽ በዝቶ ታይቷል» የሚል ማስታወሻም ጽፌ ተመስግኜበታለሁ! አጠገቤ የነበረችው ልጅ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ «ሻይ ላምጣልሽ?» ትለኛለች። እኔም ማዳመጫውን ሳላወልቅ፣ ትንፋሼን ሳብ አድርጌ እመልስላታለሁ። ያቺው ናት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ማን ያስባል? ሰው የራሱን ትንፋሽ መቼ ይሰማል?

ማራማዊት ከሄደች በኋላ ለሀሴት ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች።

«አንቺ ነሽ በያ የገደልሽኝ» አለች።

«ቀልድ አይደለም፣ እታለም! እስከ ዓርብ ይቺን ነገር መተው አለብሽ። ችሎቱ ፊት አንድ ጊዜ ካደረግሽ አለቀልሽ። ነይ፣ እንለማመድ። እጠይቅሻለሁ፣ በአፍሽ አዎ ትይኛለሽ።»

«እሺ።»

«ስምሽ ሀሴት ነው?»

«አዎ።»

«ዕድሜሽ ስድሳ ሦስት ነው?»

«አዎ። አስር ጊዜ አትጥሪው።»

«ጎበዝ። እማማን የቀበርን ቀን ዝናብ እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

ሳብ አደረገች። ብልጭ አለ።

«እታለም!»

«እና አንቺ ፈተና ነው የምታወጪው ወይስ ሐዘን ነው የምትቀሰቅሺው?»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ለፋን። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ጨው አፏ ውስጥ እንድትይዝ አደረግኳት፣ ጣቷን እንድትቆነጥጥ ነገርኳት። እኔ ራሴ ከእሷ ጋር ስለማመድ መናደድ መጣብኝ፤ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ማታ አካባቢ ግን ለመደችው። «አዎ» አለች፣ ደግማ «አዎ» አለች። አቀፍኳት።

ሐሙስ ከሥራ በፊት ብቅ ስል ማራማዊት ወንበሩ ላይ ነበረች።

«ዛሬም አልደወለም» አለች።

«አዎ» አለች ሀሴት ጮክ ብላ።

«መርከቡ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው...»

«አዎ።»

ማራማዊት እህቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች። «በሉ ልሂድ። አስቸኮልኳችሁ መሰለኝ።»

«ኧረ ተቀመጪ!» አለች ሀሴት።

«ሌላ ጊዜ። ሥራም ይኖርብሻል።»

በሩ ሲዘጋ ሀሴት ወንበሩን አየችው። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ወጥቶ አያውቅም» አለች።

ቢሮ እንደገባሁ የወረዱትን ሰዎች መዝገብ ከፈትኩ። በማጣጣር ትንፋሽ የወረዱት ሦስት መቶ አርባ ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ። የንስሐ አባት። አዋላጅ። ሰው ሁሉ ጢሙን እየተላጨ ምስጢሩን የሚነግረው ፀጉር አስተካካይ። በሰፈሩ ባልና ሚስት በተጣላ ቁጥር የሚጠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኪሩቤል። የምትሰማ አክስት፣ የሚሰማ አጎት፣ ሁሉም። ሰው የሚሰሙትን መርጠን፣ አንድ በአንድ፣ ለጤናቸው ብለን አውርደናል። ከተማው ውስጥ የቀረነው አረንጓዴዎቹ ነን። ለጋሽ ኪሩቤል ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ኤልዳና ነኝ፤ የሀሴት እህት። ትንፋሽዎ እንዴት ነው?»

«ቆይ ልጄ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ነኝ፤ ልውረድና ላናግርሽ» አሉኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ዓርብ ችሎቱ ተሰየመ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው አለቃዬ ተሰማ፣ አንዲት ሐኪም፣ አንድ ጸሐፊ። ሀሴት የእድር ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ተሰማ ጨዋ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሳበላት።

እኔ ምስክር ነኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳራሹን፣ ማዳመጫውን፣ ስልሳ አራቱን ስም፣ ማስታወሻዬን።

«እርስዎ ነዎት ምልክት ያደረጉበት?» አለኝ ተሰማ።

«አዎ» አልኩ፤ በአፌ፤ ጠንቀቅ ብዬ። «ስህተቱ የእኔ ነው። ሕመም አይደለም፣ ወግ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ!»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «አምንዎታለሁ» አለች። «አያቴም ያደርጉ ነበር።»

ልቤ ዘለለ።

«ግን» አለ ጸሐፊው፤ «መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ድሪው አይለይም። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ የሚከፈተው በየአምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል።»

«እና እስከዚያ?»

«እስከዚያ በስሙ እንሄዳለን።»

ተሰማ ወረቀቶቹን አገላበጠ። «አንድ መንገድ አለ» አለ። «እሜቴ ሀሴት አሥር ደቂቃ ያነጋግሩን። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድም ካልታየ ወደ ቢጫ ዝቅ ይላል። ቢጫ አይወርድም።»

ሀሴት እኔን አየችኝ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ሰዓቱ ተነሳ።

ተሰማ ከቅጹ ላይ ጠየቀ። አድራሻ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የምግብ ፍላጎት። እሷ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ደህና ነው» እያለች መለሰች። ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። እጇ ቀሚሷ ሥር ጣቷን ሲቆነጥጥ ይታየኛል። ስድስት። ሰባት። ድሪው ብልጭ አላለም። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የቅጹ ጥያቄ አለቀ።

«ሌላ ነገር ያውሯት» አለች ሐኪሟ። «ዝምታ አይቆጠርም።»

ተሰማ ወደ መስኮቱ ዞረ። የደብረ ብርሃን ነፋስ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል።

«ዛሬ ነፋስ ነው» አለ።

«አዎ» አለች ሀሴት።

«እናቴ ነፋስ አትወድም ነበር።»

«አዎ።»

እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ስለ ገብስ ማውራት፣ ስለ መንገዱ ማውራት ይችል ነበር። ልጁ ግን አንደበቱ አልታዘዘውም። ድምፁም ተለወጠ።

«እሷም ወርዳለች» አለ። «አራት ዓመት ሆናት። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ለጤናዋ ብዬ። ባለፈው በጋ ና እይኝ አለችኝ። ስብሰባ ነበረብኝ። ሐምሌ ላይ... ሐምሌ ላይ ደወሉልኝ።»

አንድ ደቂቃ ተኩል ቀርቷል። ሀሴትን አፈጠጥኩባት፤ ዋጥ አድርጊው፣ እባክሽ ዋጥ አድርጊው እያልኩ። አየችኝ። እርግጠኛ ነኝ፣ አስቀድማ እኔን አይታኛለች፤ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጁ መለሰች፣ ጎንበስ አለችለት፣ ትንፋሿንም ሳብ አደረገች።

ድሪው ቀላ። ተሰማ ግን አንገቷን አላየም፤ ዓይኗን ነበር የሚያየው።

«እናቴ እንደዚህ ነበር የምታደርገው» አለ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ጸሐፊው ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። ተሰማ ብዕሩን አነሳ። ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ ጮህኩባት። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ በመሥሪያ ቤቴ ኮሪደር ላይ እንደ ሕፃን እግሬን መታሁ። «አንድ ደቂቃ ተኩል! አንድ ደቂቃ ተኩል ነበር የቀረሽ!»

«ለአራት ዓመት ለማንም ያልነገረውን ሲነግረኝ ግድግዳ ልሁንበት?»

«ሁኚ! ምን አለበት? እሱ እኮ ፈረመብሽ!»

«ይፈርም። አንቺ ግን እህቴ ነሽ እንጂ ግድግዳ አይደለሽም፤ ለምን እንደዚህ እንደምትሆኚ አይገባኝም» አለችና እንባዬን በመዳፏ ጠረገችልኝ። የእኔ ድሪ ይህን ሁሉ ዘመን አረንጓዴ የሆነው ሳንባዬ ጠንክሮ አይደለም። ማንንም ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። «ወረቀቱን ብቻ!» እያልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ተወራጆቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። እኔ የሸኚነት ባጅ አድርጌ ከሀሴት ጎን ተቀመጥኩ፤ ዋሻው አፍ ድረስ ነው የሚፈቀድልኝ። ማራማዊት በመስኮቱ በኩል የሀሴትን እጅ ይዛ ቆማለች።

«እኔ አሁን ማን ጋ ልሂድ?» አለቻት።

ሀሴት እጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘችላት። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሾፌሩ ሃያ ዓመት የሆነው አይመስልም፤ የመጀመሪያ ጉዞው እንደሆነ ከሁኔታው ያስታውቃል። መስታወቱን አስተካከለና ወደኋላ ዞሮ ጮኸ።

«ቀበቶ ሁላችሁም አስራችኋል? እንሂድ?»

ሠላሳ አንዱም ትንፋሻቸውን ባንዴ ሳብ አደረጉ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከፊት እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ድሪዎቹ ሁሉ ቀሉ፣ ሁሉም መጮህ ጀመሩ። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ በእግዚአብሔር! ሁሉም ሊሞቱብኝ ነው!» ብሎ የአደጋ ስልኩን መነጨቀው።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ሀሴት ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «ኧረ ልጄ፣ እንሂድ ማለታችን ነው!» አለችው። እሱ ግን አላመናትም። ባጄን አየና ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ነዎት አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ። እነዚህ ሰዎች ደህና ናቸው?»

ሠላሳ አንዱንም አየኋቸው። ማራማዊትን አየሁ። በአፌ «አዎ» ልል ነበር፤ ለዓመታት ያልኩት እንደዚያ ነው።

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

አንገቴ ላይ ሞቅ አለኝ። ሀሴት አገጬን ቀና አድርጋ ድሪዬን አየችው። «ቀላሽ እኮ» አለች፤ ሳቋ ቆመ። «ኤልዱ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ነው የሚፈጀው» አልኳት። «ማንጎው እንዳያልቅ ለጋሽ ኪሩቤል ንገሪልኝ።»

ዋሻው አፍ ላይ ወረድኩና በመልሱ መኪና ወደ ከተማ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራተኛውን መስኮት ስከፍት ሰልፉ እንደ ወትሮው ነበር፤ ከፊት የቆመው ያ ነስር የያዘው ሰውዬ ነው። ወረቀቱን ሊያሾልክልኝ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ወረቀቱ ይቆይ» አልኩት። «ከወንድምህ ጋር ታረቅህ ወይ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»